ዴንግ፣ አዲስ ደብዳቤ አለህ

ባለፈው ሳምንት ቻርጀር ልገዛ ጁባ ማላኪያ ገበያ ሄጄ ነበር። ስልክ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ዋጋ ስከራከር ባለሱቁ ጄኔሬተሩን አስነሳ፤ ከጥግ የነበረ አሮጌ ኮምፒውተር ጮኸና ማራገቢያው መዞር ጀመረ። ወዲያው ያ ሽታ መጣ፤ የሞቀ አቧራ፣ ትንሽ የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ ከውጭ ደግሞ ናፍጣና ዝናብ የነካው አፈር። ክርክሬን ረሳሁ።

«ኩወይስ፣ እህቴ?» አለኝ ባለሱቁ፤ ደህና ነሽ ማለቱ ነው።

«ኩወይስ» አልኩት። ያለውን ዋጋ ከፍዬ ወጣሁ። ለአስተዋይ ገዢ ይህ ውርደት ነው፤ ግን እዚያ መቆየት አልቻልኩም።

ከዚያ ሱቅ ጥቂት አለፍ ብሎ የአባቴ ቤት ነበር። የመኖሪያ ቤት ማለቴ አይደለም፤ በቆርቆሮ የተሠራ፣ በሩ ላይ «ዴንግ ኮምፒውተር ማሠልጠኛ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት አንድ ክፍል ነው። ዴንግ አባቴ ነው። እኔ ከመወለዴ፣ እናቴም ከማግባቷ በፊት ሞቷል።

እንዲህ ስል ሰው ግራ ይጋባል። አዲስ አበባ ስማር የክፍል ጓደኞቼ ውሸታም ብለውኝ ስለነበር መናገር ትቼ ነበር። ነገሩ ግን ቀላል ነው። በእኛ በዲንካዎች ዘንድ ወንድ ልጅ ሳያገባ ከሞተ ስሙ እንዳይጠፋ ታናሽ ወንድሙ በሟቹ ስም የጥሎሽ ከብት ሰጥቶ ሚስት ያገባለታል። የሚወለዱት ልጆች የሟቹ ናቸው። ዴንግ በወባ ሲሞት ታናሹ ማጆክ እናቴን በእሱ ስም አገባ። ስለዚህ ግንባሬም፣ ጥርሴም፣ አረማመዴም የማጆክ ቢሆንም እኔ የዴንግ ልጅ ነኝ፤ ማጆክን የምጠራው አጎቴ ብዬ ነው።

እናቴ አዲስ አበባ ያደገች ስለሆነች በነገሩ ትቀልድበት ነበር። «ከጎረቤት ባሎች ሁሉ የእኔ ጨዋ ነው። ተጣልተን አናውቅም» ትላለች። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዴንግን ፎቶ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም።

እናቴና እኔ ከአዲስ አበባ ጠቅልለን ጁባ የገባነው የዝናቡ ወራት ሲጀምር ነው። የምንኖረው «ጁባ ና ባሪ» የሚባል ሰፈር ነበር። አራተኛ ክፍል ገባሁ። ከትምህርት በኋላ ያለኝ ሥራ ሱቁ ሄጄ ከማሽኖቹ ላይ አቧራ ማራገፍ ሆነ። አጎቴ ለዚሁ የሚሆን ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ሰጠኝ። ማሽኖቹን ዴንግ ራሱ ነው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ያመጣቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። ከሁሉ ትልቁ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ነው። ሌሎቹ ላይ ተማሪዎች የሚሠሩት ሁሉ መጨረሻ ላይ እዚያ ትልቁ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ትልቁ ማሽን ሥዕል አልነበረውም። አዲስ አበባ ያየኋቸው ኮምፒውተሮች የሚነካ፣ የሚጫን ነገር ነበራቸው። ይሄኛው ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው፤ ከላይ ትንሽ ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። የምትፈልገውን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋለህ፣ ይመልስልሃል። አጎቴ ሲጽፍ በሁለት ጣት ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ለሰው እንደሚናገር።

ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የሚያደርገውን ቅዳሜ ቅዳሜ አይ ነበር። ማሽኑ ስም ይጠይቃል። አጎቴ «ዴንግ» ብሎ ይጽፋል። ፓስወርዱን ይሰጣል። ማሽኑ ያስገባውና ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ያወጣል፦ አዲስ ደብዳቤ አለህ።

«ማን ነው ለአባቴ የሚጽፍለት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አላውቅም።»

«ለምን አትከፍተውም?»

«ለእኔ አልተጻፈማ» አለ አጎቴ። ደብዳቤው ጎረቤት ቤት የመጣ ያህል ነበር አነጋገሩ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የመጀመሪያዋን ትእዛዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። «ይቺ ማንንም አትጎዳም፣ እንዳሻሽ ጻፊያት» አለኝና ተማሪ ጠርቶት ሄደ። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን አንድ ላይ ገጥሜ ሳነባቸው «እኔ ማን ነኝ» የሚል ጥያቄ ሆነ። ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ከሥር ወዲያው መልስ መጣ። «ዴንግ» ይላል።

እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ወይ ማሽኑ ውስጥ ያለው ስሙን እየነገረኝ ነው፣ ወይ ደግሞ እኔ ዴንግ ነኝ። ሁለተኛውን ማሰብ ስላልደፈርኩ የመጀመሪያውን ያዝኩ። አባቴ እዚህ ውስጥ አለ ማለት ነው። ፈራሁ፤ ደስም አለኝ። የክፍሌ ልጆች አባቶቻቸው ቢሮ ሲሠሩ፣ የቦዳ ቦዳ ሞተር ሲነዱ ያያሉ። የእኔም እንግዲህ ሥራ ላይ ነው።

ማስረጃ አላጣሁም። ሁለተኛዋ ትእዛዝ የፋይሎችን ዝርዝር የምታወጣዋ ነበረች። በእያንዳንዱ መስመር የፋይሉ ባለቤት ስም፣ የተሠራበት ቀንና የፋይሉ መጠሪያ ይወጣል። ከላይ እስከ ታች ባለቤቱ ዴንግ ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አጎቴ ዛሬ ጠዋት ዓይኔ እያየ የጻፈው የተማሪዎች ፈተና የተሠራበት ቀን የድሮ ነው፤ እኔ ያልተወለድኩበት፣ አባቴ በሕይወት የነበረበት ዓመት።

ዛሬ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ማሽኑ ውስጥ ያለችው ትንሿ የሰዓት ባትሪ ሞታለች። ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ቀኑን ይረሳና ሲነሳ ወደተሠራበት ዓመት መጀመሪያ ይመለሳል። ጁባ ውስጥ ደግሞ «ኑር ማፊ»፣ መብራት የለም፣ የማይባልበት ቀን አልነበረም። አጎቴ ቀኑን በትእዛዝ ያስተካክለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይረሳል፣ ወይም ይተወዋል። ያኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የገባኝ ከበሩ ውጭ አንድ ዓመት እንዳለ፣ ስክሪኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓመት እንዳለ፣ እዚያኛው ዓመት ውስጥ አባቴ ወባ ሳይዘው ተቀምጦ እንደሚሠራ ነበር።

«አጎቴ፣ አባቴ ዛሬ ብዙ ሠራ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

አጎቴ አይስቅም፣ አይቆጣም። ዝርዝሩን ያይና «ደህና ሠርቷል» ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። ተማሪ አልመጣም። አጎቴ ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ሊገዛ ወጣ፤ እኔ ብሩሼን ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ጀበል ኩጁር ተራራ በበሩ በኩል ይታይ የነበረው ጠፍቶ ነበር። የትልቁን ማሽን ጀርባ ሳጸዳ ስክሪኑ ሲንቀሳቀስ በጎን አየሁት። ኪቦርዱን ማንም አልነካም። ጥቁሩ ላይ አንድ መስመር ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሁሉም መጨረሻቸው አንድ ነው። እንግሊዝኛዬ ለዚያ ይበቃ ነበር፦ ምንም ቦታ አልቀረም። ምንም ቦታ አልቀረም። ምንም ቦታ አልቀረም።

አጎቴ ጀሪካኑን ተሸክሞ ረጥቦ ሲገባ በሩ ሥር ተቀምጬ አገኘኝ።

«አባቴ ቦታ የለኝም ይላል» አልኩት።

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። ወደ ስክሪኑ አልሄደም። እኔን ነው ያየኝ፤ ዝናቡ ከፊቱ እየወረደ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ያኔ ብርድ ነው ብዬ ነበር። ፍርሃት መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

በማግሥቱ የተማሪዎቹ ሥራ አልቀመጥ አለ። ጽፈው ሲጨርሱ ይጠፋባቸዋል። ሁለት ልጆች ሌላ ማሠልጠኛ ሄዱ። አጎቴ ይህን ሲያይ ጋሼ ሰለሞንን ጠራው።

ጋሼ ሰለሞን የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ጁባ ውስጥ ባለ አንድ ባንክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። አጎቴን ቤተ ክርስቲያን ነው የተዋወቀው። ቅዳሜ ቀን መጣ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ቀልድ የበዛበት። አጎቴ የማሽኑን ዋና ፓስወርድ፣ ሁሉን የሚከፍተውን ሰጠውና «የሚያስፈልገውን አድርግ» አለው። ጋሼ ሰለሞን የማሽኑን ሰዓት አይቶ ሳቀ። «መጀመሪያ ባትሪ ያስፈልገዋል። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው» አለ። አጎቴ ባትሪዋን ፍለጋ ገበያ ወጣ። ሌላ ሰው ስላልነበረ ጋሼ ሰለሞን የሚያወራው ከእኔ ጋር ሆነ።

«ዲስኩን የሞላው ምን መሰለሽ? ደብዳቤ» አለኝ። «ያልተነበበ የዓመታት ደብዳቤ።»

ከጎኑ ሄጄ ቆምኩ። «ማን ነው የጻፈው?»

«ማሽኑ ራሱ። ተመልከቺ፤ ዴንግ የሚባለው ሰው በየቀኑ ሥራዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለብጥ አዞታል። ያ ሌላ ዲስክ አሁን የለም፣ ተነቅሏል። ማሽኑ በየቀኑ ይፈልገዋል፣ ያጣዋል፣ ከዚያ ያዘዝከኝን ልፈጽም አልቻልኩም ብሎ ለዴንግ ይጽፋል። በየቀኑ። አንድ አይነት ደብዳቤ።» ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ዴንግ ሠራተኛ ነው?»

«አባቴ ነው፣ ጋሼ።»

«የት ነው ያለው?»

«ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። መቼ?»

«ሳልወለድ።»

የጋሼ ሰለሞን ጣት ኪቦርዱ ላይ ቆመ። «ታዲያ ዛሬ ጠዋት የገባው ማነው?»

«አባቴ።»

ሊስቅ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። «ማጆክ በእሱ ስም ይገባል ማለትሽ ነው። ይሄማ ልክ አይደለም። የሞተ ሰው በር ክፍት መተው የለበትም፣ ሌባ የሚገባው በዚያ ነው። እኛ ቢሮ ቢሆን ቀብር በዋለ ማግሥት ነው የምንዘጋው።»

ደብዳቤዎቹን ሁሉ ደመሰሰ። አጎቴ ጠዋት የከፈተውን ዘጋ። ከዚያ አንድ አጭር መስመር ጻፈና ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ምንም አላለም። ነጯ መስመር ብቻ ብልጭ ድርግም አለች።

«እምቢ አለ?» አልኩት።

«የለም፣ ሠራ። ሲሳካለት ዝም ነው የሚለው።»

ላሳይሽ ብሎ ዝርዝሩን አወጣው። ፋይሎቹ ነበሩ። የአባቴ ስም ግን የለም። በየመስመሩ ዴንግ የሚለው በነበረበት ቦታ ቁጥር ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ። አለቀስኩ። ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም። የማላውቀውን ሰው ዓይኔ እያየ ቀበሩብኝ።

ጋሼ ሰለሞን ደነገጠ። «ምንም አልጠፋም እኮ፣ የእኔ ልጅ። ማሽኑ ሰውን በስም አያውቅም፤ በቁጥር ነው የሚያውቀው። ስሙ ለእኛ ለሰዎች እንዲመች ነው። አጎትሽ ሲመጣ ፋይሎቹን ሁሉ በእሱ ስም አዞርለታለሁ።» እኔ አላቆም ስል መሐረቡን ሰጠኝና «በይ ነይ፣ ላንቺ ራሱ እከፍትልሻለሁ። የራስሽ ስም፣ የራስሽ ፓስወርድ» አለኝ። ስሜን አቾል ብሎ ጻፈ። ማሽኑ ዝም አለ።

አጎቴ ባትሪዋን ይዞ ሲመለስ ዓይኔ ቀልቶ አየኝ። ጋሼ ሰለሞን የሠራውን አንድ በአንድ ነገረው፤ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ቦታው፣ በመጨረሻ ስለ ስሙ። አጎቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሰለሞን» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሚስት ያገባሁት፣ ይሄን ቤት የያዝኩት፣ ይቺ ልጅ በዴንግ ስም እንድትጠራ ያደረግኩት ስሙ እንዳይጠፋ ነው። ሌላ ሥራ የለኝም እኔ። አንተ በአንድ መስመር አወጣኸው?»

ጋሼ ሰለሞን ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ሁሉ ወረደ። «ማሌሽ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ። አላወቅኩም። አሁኑኑ እመልሰዋለሁ፣ ከባድ አይደለም» አለና ዝርዝሩን እንደገና አወጣው። ከዚያ እጁ ቆመ።

አንድ ሺህ የሚል አልነበረም። በየመስመሩ አቾል ይላል። የፈተናው ባለቤት አቾል። የተማሪዎቹ ሥራ ባለቤት አቾል። አባቴ ራሱ በሕይወት ሳለ የጻፋቸው፣ ማንም የማይከፍታቸው የትምህርት መልመጃዎች፣ ባለቤታቸው አቾል።

«እኔ አላዞርኩትም» አለ ጋሼ ሰለሞን። «ቁጥሩ ነው። የእሱ ቁጥር ባዶ ሲሆን ማሽኑ ቀጥሎ ለመጣው ሰው ሰጠው። ቀጥላ የመጣችው እሷ ናት። በዚያ ቁጥር ያለው ሁሉ የእሷ ሆነ።» ላቡን ጠረገ። «መጠንቀቅ ነበረብኝ። አስተካክለዋለሁ።»

አጎቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር።

«ተወው» አለ።

«ደቂቃ አይፈጅብኝም፣ ማጆክ።»

«ከላስ፣ በቃ ሰለሞን። ልጁ ናት። የእሱ የሆነው ለእሷ ነው።»

«ላንተስ? ላንተ ልክፈትልህ?»

«ምን ሊያደርግልኝ?» አለ አጎቴ። ባትሪዋን ኪሱ ከተታት። ማሽኑ ውስጥ ስትገባ አላየሁም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። በመጀመሪያ ሳቀች። «ከእኔ ቀድመሽ ወረስሽው» አለች። ከዚያ «ሁሉንም?» አለችኝ። ሁሉንም አልኳት። መሳቋን ተወችና ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ጠዋት ጠዋት የሚጽፈው የእኔን ስም ሆነ። ዲስኩ ባዶ ቦታ አገኘ፣ ተማሪዎቹም ተመለሱ። ማሽኑ አዲስ ደብዳቤ አለህ ማለት አቆመ። ይህ ለምን እንዳስከፋኝ አላውቅም፤ ከቤት ሰው የሄደ መሰለኝ። አንድ ቀን ደፈር ብዬ የመጀመሪያዋን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ እኔ ማን ነኝ። አቾል አለኝ። ልደሰት ሲገባኝ እንደ መጀመሪያው ቀን እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። ከዚያ ዝርዝሩን አወጣሁ። በዚያ ቀን አጎቴ ቀኑን አላስተካከለም ነበር። ማሽኑ እንደሚለው ከሆነ እኔ ከመወለዴ በፊት ማላኪያ ውስጥ ፈተና እያወጣሁ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በዚያ ማሽን ውስጥ ማጆክ የሚል ስም የለም። የሚጽፈው እሱ፣ የሚያስተምረው እሱ፣ ናፍጣ የሚሸከመው እሱ፤ ስሙ ግን አንድም ቦታ የለም። አሳዘነኝ። አዲስ ፎልደር እንዴት እንደሚከፈት ተማሪዎቹን ሲያስተምር ሰምቼ ስለነበር አንድ ከሰዓት አንድ ፎልደር ከፈትኩና ማጆክ ብዬ ሰየምኩት። ጠራሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«የአንተ ነው። ሁሉም የእኔ ስለሆነ አንዱን ሰጠሁህ።»

የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አጎንብሶ አየው፣ ቀና አለ።

«አጥፊው» አለኝ።

«ለምን?»

«በሕይወት ያለ ሰው ስም እዚያ ውስጥ አይገባም።»

ያለውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሁለታችንም ስክሪኑን እያየን ነበር። ማጆክ የምትለው አንዷ መስመር ከሥር ናት። ከእሷ በላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ስክሪኑ እስኪሞላ አቾል፣ አቾል፣ አቾል ይላል፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ያ የድሮ ዓመት። ፎልደሩን አጠፋሁ። ማሽኑ ምንም አላለም።

አጎቴ ገና ፀሐይ ሳለ ተማሪዎቹን ነገ ኑ ብሎ ሸኛቸው። ማሽኖቹን አጠፋ፣ ሱቁን ቆለፈ፣ እጄን ያዘ። እጄን ይዞኝ አያውቅም ነበር፤ የሌላ ሰው ልጅ ነኛ። በጭቃው መንገድ ወደ ጁባ ና ባሪ አመራን። ትንሽ እንደሄድን «አቾል» ይለኛል።

«አቤት» እላለሁ።

አቤት ማለቴን ያዳምጣል። ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም። እጄን ጠበቅ ያደርግና ጥቂት እንሄዳለን፤ ከዚያ እንደገና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አቾል» ይላል።

«አቤት፣ አጎቴ።»

ቤት እስክንደርስ እንዲሁ ጠራኝ፤ እኔም እንዲሁ አቤት አልኩት።